ሆድ በአረብኛ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ በጃህራ፤
ደጁ ወበቅ፣ አቧራ፣
ውስጡ የኤሲ ብርድ፣ አጥንት የሚሰብር።
እኔ ከወለሉ ጋራ
ስታገል ነበር።
«ሐበሺያ! ነይ ቶሎ!» አለችኝ ሲስተር ሺጂ፤
«ያገርሽ ልጅ መጥታለች፤ አረብኛ አይገባት፣ ቁሚና አስረጂ።»

ጦይባ ነው ስሟ፤ የሐርቡ ልጅ ናት።
ያመጣት ሾፌር በሩ ላይ ጥሏት
ሄዷል፣ ስሟን እንኳ ሳይነግር በቅጡ።
ጉልበቷን አቅፋ ተኝታለች፣ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሊሰምጡ፣
ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል።
ዶክተር ሙንተሲር ቀኝ ጎኗን ቀስ ብሎ ይጫናል፣
ድንገት ይለቃል፤
ስትጮህ ፊቱ ይጠቁራል።

«መቼ ጀመራት? ጠይቂያት።»
«ሰኞ» ትለኛለች፤ ዛሬ ሐሙስ ነው።
«ለምን ዝም አለች?»
«ለማዳም ነግሬ ነበር፤ ፓናዶል ሰጠችኝ።
እንግዳ ነበረ ቤቱ፣ ሠላሳ ሰው፤
ቆሜ ሳህን አጠብኩ። ኋላማ፣ እህቴ፣ ሆድ ይፍጀው
ብዬ ተውኩት፣ ሆድ ይፍጀው።»

ይሄን በምን አረብኛ ላድርገው?
ዘጠኝ ዓመት የለቀምኩት ቋንቋ፣ የገበያ፣ የማጀት፣
የ«አጥቢ»፣ የ«አምጪ»፣ የ«ፍጠኚ» ነው፤ የለውም ሆድና አንጀት።
የኛ ሆድ ጓዳ ነው፤ ምሥጢር ይቀመጥበታል፣
ቂም ይቋጠርበታል፣
ይብሰዋል፣ ይባባል፣ ባር ባር ይለዋል፤
ለሐኪሙ ግን ቧንቧ ነው፤ ይደፈናል፣ ይፈነዳል።
«ሆዷ እንዲጨርሰው ተወችው» አልኩት፣ እንደ ምንም።
«ጨርሶታል» አለኝ ጓንቱን እያወለቀ፤
«ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ መግሉ ሆዷ ውስጥ ዘለቀ።»
ትርፍ ፍለጋ መጥታ፣ አልኩ በሆዴ፣
ትርፏ ይቺው ሆነች እንዴ?

ካፊሏ ስልክ አያነሳም። ሁለት ሐኪሞች ፈረሙላት።
እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ እየተንቀጠቀጠ አንደበት፦
«ከደሞዜ ይቆርጡብኛል?»
ይህን አልተረጎምኩም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያንኑ አንድ ሸክላ ወለወልኩ።
ወጡ፤ «አጥበናታል፣ ቱቦ ትተናል» አሉ፤ እሰይ አልኩ።

ቸኩዬ ነበር።
በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ዞሮ መጣ፤ የቁስሉ ከንፈር ተላቀቀ።
እሷ ግን ስቅታ ይዟት ፈገግ ትላለች፦ «እናቴ ስሜን አነሳችው።»
ተረጎምኩለት። ዶክተሩ አልሳቀ።
«ስቅታው ከመግል ነው፤ ከሳንባዋ በታች ቋጥሯል» አለ።
በጎድኗ መሃል ረጅም መርፌ ሰክቶ፣ ዓይኑ ማሽኑ ላይ፣
ብልቃጥ ሙሉ ቀዳ፤ ስቅታው በማግስቱ ቀለለ።
«እናቴ ተወችኝ?» አለችኝ ማታ።
«እዚያም መሽቷል፤ ሰዓታችን አንድ ነው፤ ተኝታ ይሆናል» አልኳት።

ከዚያ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ፦ «አንጀቷ ነቃ? ጋዝ ወጥቷል?»
በአረብኛ ቀላል ነው። በአማርኛ ግን ለሰው ልጅ እንዴት ይባላል?
«አንቺ… ማለቴ… አየር… ከታች በኩል…»
አንሶላውን ስባ ተሸፈነች።
ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ወጣ» አለች።
ሲስተር ሺጂ አጨበጨበች፤
ዶክተሩ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።
የት አገር ነው ፈስ ምስጋና የሚቀርብለት፣ ሐኪም ቆሞ፣ ነርስ ተጠርቶ?

ማዳም በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች።
«ሥራ መቼ ትጀምራለች?»
ቃል በቃል ነገርኳት። ጦይባ ጣራውን አየች፣ ረጅም ሰዓት።
«አሞኛል በያት» አለችኝ፤
«ሦስቴ በያት።»

ማታ፣ መኝታ ቤቱ መብራት ሲጠፋ፣
የራሴን ቀኝ ጎን፣ እንደ ዶክተሩ፣ ቀስ ብዬ ተጫንኩት፤
ድንገት ለቀቅኩት።
አልጮህኩም።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን ነው ይፍጀው ያልኩት።