አራት ጣት ከታች

ሙሐንዲስ ራሺድ፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብለህ ከጠየቅከኝ፣
ያቺን ወንበር ሳብና ተቀመጥ፤ ደግሞ አታቋርጠኝ።
እኔ ካሜራ ይዤ አላውቅም፤ መሣሪያዬ ምላጭ ነው፤
ሻርጃ፣ ሮላ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጎን ያለው
ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት የሰው ፎቶ ጠርዝ ስከረክም
ዓይኔ ለምዷል፤ ቀጥ ያለና የተንሻፈፈ አይጠፋውም።

መጀመሪያ ምስጋናውን።
ብርሃኑ ልክ ነው፤ የንጋት አይደለም፣ ያረፈደ፣
እያንዳንዷ ላባ ላይ በመርፌ ጫፍ የወረደ።
የግራ ክንፏ ዳር፣ እንደ ጣት የተከፈተው፣
የቀኙም፣ ሁለቱም ሙሉ፤ ጠርዙ አንዱንም አልነከሰው።
ባለፈው ወር ያመጣኸው ፍላሚንጎ፣ ትዝ ይልህ እንደሁ፣
እግር አልነበረውም። ዛሬ እጅህ ረግቷል፤ አየሁ።

አሁን ነቀፌታዬን።
ዓይኗ ወደኛ አያይም። አንተ ይኼን ጉድለት ትላለህ፤
"ወደ ሌንሱ ብትዞር ኖሮ" እያልክ ትቆጫለህ።
እኔ በዚያ አልከስህም። የምከስህ በስሙ ነው፤
ከጀርባው በእርሳስ "ሑርያ" ብለህ በጻፍከው፣
ነጻነት።

ዓሣ አዳኝ ንስር ባሕር ዳር፣ ክንፏ ከዳር ዳር ተዘርግቶ፣
ያየ ሁሉ ልትበር ነው ይላል፤ ማን ይላል ሌላ ከቶ?
ግን እግሯን እይ። ጥፍሯ አሸዋውን ቆንጥጧል።
የሚነሣ ወፍ እግሩን ያጥፋል፤ የእሷ ተገትሯል።
አንገቷ አልሰገገም። አፏ ተከፍቷል፤
የሚበር ሳይሆን፣ ሙቀት የጨነቀው እንዲህ ያደርጋል።

የት አየሽ ትለኝ ይሆናል። እዚሁ ነው ያየሁት፣
ትላንት ከሰዓት፣ በዚህ ምላጭ፣ ራሴ በቆረጥኩት።
"ከታች አራት ጣት ቀንሺ፣ ቆሻሻ አለው" አልከኝ፣
ከኡም አል ቁዌይን ማዶ፣ ከደሴቷ ያነሣኸውን ሰጥተኸኝ።
እውነትህን ነው፣ አለው፤ የተበጠሰ የመረብ ገመድ፣
የጀሪካን ክዳን፣ የዓሣ አጥንት፣ ማዕበል የተፋው ግንድ።
በመካከሉ ግን ሁለት አፍ።
ጫጩቶች ናቸው፤ የአሸዋ መልክ ያላቸው፣
ፀሐይ ሽቅብ ስትወጣ የእናታቸው ክንፍ የጋረዳቸው።
ጥላው ልክ እነሱን ያህል ነው፣ ተለክቶ እንደተሰፋ ቀሚስ፤
ከጠርዙ ወዲያ አሸዋው ነጭ ነው፣ ዓይን የሚያስለቅስ።

ሚያዝያ ነው ያነሣኸው፤ የመኪና በር በማይጨበጥበት ቀን፤
ክንፏን ስትዘረጋ ላለመሄድ እንጂ ለመሄድ ይሆን?
በጉልበትህ ተንፏቀህ ስትቀርብ መሸሽ ነበረባት፤
አልሸሸችም። አንተ ደፋር አልካት። እኔ ግን፣ ሥራ ላይ ናት።

ሐርቡ ላይ፣ የእኔ ነገር ሲነሣ፣ አንዲት ቃል ናት የሚሏት፦
"ጥላ።"
ልጇን ለእህቷ ጥላ።
በየወሩ ሐዋላ የሚቀበለው ልጅ
ያቺኑ ቃል እንዴት እንደሚያነባት
አልጠየቅሁትም።
ይቅርታ፣ ይኼ ስለ ፎቶ አይደለም። ወደ ሥራችን።

ምክሬ፦ ስሙን ሰርዝ። ወይም ስሙን ተወውና
የቀነስነውን መልስ፤ እንደገና ይታተምና
ሰው ራሱ ይፍረድ። ዘጠና ድርሃም ነው፣ የወረቀቱን ብቻ፤
የእኔን ድካም አትክፈል። ለውድድሩ ቀነ ገደብ ካነሰህ ብቻ
እንዳለ ውሰደው፤ ወርቃማው ፍሬም ያምርበታል፣ አልዋሽህም፤
ዳኞቹም ይወዱት ይሆናል። እኔ አልቀየምህም።

ቁራጩን ግን አልጣልኩትም። መሳቢያው ውስጥ፣ ከማስመሪያው ሥር አለ።
ካልፈለግከው ልውሰደው።
ልኩ ፍሬም አለኝ፤
ረጅም፣ ቀጭን፣
አራት ጣት።