መልስ

ከካርቶን ወጣ፤ ስድስት ባትሪ ይበላል፣
የጀርባው ክዳን በሽቦ ታስሯል።
የእህቴ ልጅ ፍሬሰላም በየቁልፉ አናት
የቁስል ፕላስተር ቆርጣ ጻፈችበት፦
«አዲስ»፣ «ደረጃ»፣ «ድምፅ»፣ «ፍንጭ»፣ «መልስ»።
«አጎቴ፣ ይሄ መልስ ያ መልስ አይደለም፤
የሄድከውን ይመልሳል። እሱ ጋ ቂም የለም።»

ከአንድ ጀመርኩ። አንድ ላይ ሕፃን ነው፤
ንግሥቱን ሜዳ ላይ ጥሎ ወታደር ያሳድዳል፣
አፈርኩለት እኔው።
ሦስት ላይ ጎረምሳ፤ ይቸኩላል፣ ይነክሳል።
አምስት ላይ ግን ጉማሬ፦
ረግቷል ያልከው ውሃ ከሥርህ ይነሣል።

ድምፁን ዘጋሁት። ስሳሳት ሁለቴ ጢጥ ይላል፤
በሽምብጥ ሰፈር ወሬ ከጀልባ ይቀድማል።
በማስተማሪያው ግን አይስቅም፣ አይቆጣም፤
«አላልኩህም?» የሚል ቃል ከውስጡ አይወጣም።
አንድ ቀይ ያበራል የሄድኩበት ቤት፣
አንድ ቀይ ያበራል መሄድ የነበረብኝ፤
በሁለቱ መሃል ያለችው ርቀት
አንዳንዴ አንድ ካሬ፣
አንዳንዴ አንድ ሌሊት።

«ፍንጭ»ን አንዴ ነካሁ፤ ንግሥትህን ሠዋ አለኝ፤
ውሃ ላይ ያደግሁ ነኝ፣ መልሕቅህን ቁረጥ ያለኝ መሰለኝ።
እንቢ አልኩ። በሰባት እርምጃ ተሸነፍኩ።

ሲጠፋም አይረሳ፤ ሳበራው ከተውነው ቤት ቆሞ ይጠብቃል፤
ማስታወስና ቂም ለካ ይለያያል።

ሃያ ሁለት ዓመት ከጓንጉል ጋር ስንጋጠም
ከቲኬት መቁረጫዋ ጥላ ሥር፣ ከወደቡ አፋፍ፣
የጠፋብን ግንብ በለስላሳ ቆርኪ ተተክቶ፣
ከዚያ በቀር የጎደለን ነገር አልነበረም አንድም።
አንድ ቀን ፈረሱን አንሥቶ አስቀመጠ፣ ጣቱን ለቀቀ፣
«ቆይ» አለ። አንገቴ ደረቀ።
«የሞተር ጩኸት ነው፣ ልቤ ሌላ ጋ ነበር…»
«የተነካ ይሄዳል!» አልኩ፣ ወደቡ በሙሉ እስኪዞር።
ሎሚ የጫኑ የዘጌ ሰዎች ሳቁበት።
ፈረሱን ኪሱ ከተተና ሄደ።
ለግንብ ቆርኪ ይሆናል፤ ለፈረስ ምትክ አልተገኘለት።
ይኸው ሦስት ክረምት።

የመጨረሻው ደረጃ ቁጥር የለውም፤ የተጋደመ ስምንት ነው።
«ማለቂያ የለው» አለችኝ፣ «ካላስቆሙት ሲያስብ የሚኖር ነው።»
ቅዳሜ ንጋት አንድ ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁና
ትቼው ወጣሁ፤ ለደቅ የሚሄድ ሲሚንቶ ነበረኝና።
እምቦጩን ሸሽቼ በጥልቁ ዞርኩ፤
ፔሊካኖቹ መንጋጋቸውን አንጠልጥለው አዩኝ፤
መሪውን ይዤ ያንን ሳጥን አሰብኩ፦
አንድ ወታደር፣ ሁለት ቤት፤ ምን አለበት ይሄን ያህል?
ማታ ስገባ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።
እሑድም ይላል።
ማቆሚያው ከእሱ ዘንድ አይደለም፤ የውጭ ጣት ይፈልጋል።

ሰኞ ጓንጉል መጣ። ለእርቅ አይደለም፤
ጀልባው ውሃ ገብቶባት ነው፤ ከኔ በቀር ፓምፕ ያለው በሰፈሩ የለም።
ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ይሄ ምን ይሠራል?»
«ያስባል።»
«ከመቼ?»
«ከቅዳሜ።»
ጎንበስ ብሎ አየው፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፤
«ይሄ ደግሞ ምን ያሳስባል?» አለ፤ ፈረሱን አኖረ ወደ ቀኝ አድርጎ።

ጢጥ፣ ጢጥ።
(ድምፁን ዘግቼው ነበር። ፍሬሰላም ትሆናለች።)
ቀይ በራ። ሌላ ቀይ በራ።
«ተሳሳትኩ?» አለኝ፤ ጣቱ ገና ከፈረሱ ራስ አልወረደም።
ፕላስተሩን አሳየሁት፤ አፌን አልከፈትኩም።
አነበበው። ሦስት ፊደል ናት፤
ረጅም ጊዜ አነበባት።

እጁ ወደ ኪሱ ገባ።
ፓምፑን ላመጣ ወደ ጓሮ ዞርኩ።
አልቸኮልኩም።