አቋራጭ

ነዚፍ መሪውን ጨበጠ፣ እኔ ደግሞ ሰዓቴን፤
«እስከ በረራዬ» አልኩት፣ «አሳየኝ ከተማህን።»

ሂርማታን በዝግታ፤ ገበያው አስፋልት ላይ ወጥቶ፣
በርጩማ በሦስት እግሩ ጋሪ ሙሉ ተጭኖ መጥቶ።
ፈረንጅ አራዳ፣ የጣሊያን በረንዳ፣ ዝገት የበላው አጥር፤
ከዚያ በቆጪ አለፍን፣ በአንድ ሰማያዊ በር።
አዌቱ ድልድይ ላይ ዝናብ።
ወደ ጅሬን ስንወጣ፣ በዚያው ሰማያዊ በር።
ስንወርድም።

«አቋራጭ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣ ፈጠን ብሎ፤
ጎማችን ግን ጭቃው ውስጥ፣ እስከ ወገቡ ተተክሎ።
ጥሩምባውን ነካ አረገ፣ ሁለቴ፣ እንደ ሳል፤
መጋረጃ ተገልጦ፣ አረፋ የነካው እጅ ብቅ ይላል።

ስለ እጁ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ።
አውሮፕላኑ ሲዞር ግን፣ በመስኮት ቁልቁል ሳይ፣
ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ አንድ ጣራ ብቻ ፈለግሁ።