ወሽመጥ

ሃያ ሰባተኛ ፎቅ፣ ሲያትል፣ መሃል ከተማ፣
የሰው ጀልባ ሲሰጥም፣ ዜናውን ስሰማ፣
ካሳ የማሰላ፣ ዋጋ የምቆርጥ ነበርኩ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ባሕር ሳልነካ ባሕር ላይ ፈረድኩ።
“ምሰሶው ከተሰበረ፣ ሠላሳ በመቶ ይታሰብ፤
ካፒቴኑ ከሞተ፣ ፎርሙ ይላክ ለቤተሰብ።”

ዓባይነህም በበኩሉ፣ ባንክ ቤት፣ ሌላ ፎቅ፣
ቁጥር በቁጥር ላይ ሲክብ፣ ሲንድ፣ ሲያስጠነቅቅ።
ማታ ቤት ስንገናኝ፣ እራታችን እንደ ስብሰባ፦
“ያንተስ ቀን እንዴት ነበር?”
“ገባ... ወጣ... ገባ።”

አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ አናኮርተስ ወደብ፣
ዓሣ ልንበላ ሄደን፣ ዝናቡ ሲል ደብ ደብ፣
“ይሸጣል” የሚል ካርቶን ያንጠለጠለች ጀልባ፤
ሆዷን ዛጎል የወረሰው፣ አርባ ዓመቷ፣ ሆደ ባባ።
ሻጯ ሶልቬግ የሚሏት የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣
“ስሟን ባሌ ነው ያወጣው፤ አደራ፣ እንዳትለውጡት።”
“ማክሰኞ” ይላል ጀርባዋ። “ለምን ማክሰኞ?” ስንላት፣
“ማክሰኞ ለት ነው” አለች፣ “ሥራውን የተወላት።”

ዓባይነህ ዝም አለ። እጁን ጎኗ ላይ አሳረፈ፤
ዓይኑ ውሃውን ተሻግሮ፣ ደሴቱን ሁሉ ቀዘፈ።
ዓባይነህ ተብሎ፣ ዋና የማያውቅ ሰው!
የዓባይን ልጅ ውሃ ሲጠማው አየሁት፤ ይኸው።

ቤቱን ሸጥን። ሶፋውን፣ ሁለቱን መኪና።
ልጃችን ከስፖካን ደውላ፣ “ደህና ናችሁ? ደህና?
ሰው በሃምሳ ዓመቱ ጡረታውን ውሃ ላይ ይዘራል?”
አለች። መልስ አልነበረኝም፤ መልስ ከየት ይመጣል?
በእኔው ሠንጠረዥ ብትታይ፣ ማክሰኞ አትጸድቅም፤
እኔ ራሴ ብጠየቅ፣ ለእኔ ዋስትና አልሰጥም።

ሦስት ወር ተንበርክከን ሆዷን ስንፍቅ ከረምን፤
የዛጎል ስባሪ ከፀጉራችን ለቀምን።
ማለስለሻው ቢጠፋኝ፣ ቦርሳዬን ፈተሽኩ፤
የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን ሙጫ መቀቢያ አደረግኩ።
በር ሲከፍት የኖረ፣ ስንጥቅ ሲደፍን ዋለ፤
ዓባይነህም አይቶኝ፣ “እድገት አገኘሽ” አለ።

መስከረም ነው የወጣነው። ሮዛሪዮ ወሽመጥ ላይ
ጉም ወረደ፤ እጄን ብዘረጋ ጣቴን አላይ።
ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ፤
ከጉሙ ወዲያ አንድ ትልቅ መርከብ፣ እንደ ኮርማ አጓራ፣ ቀጠለ።
ወሽመጡ መሃል ቆሜ፣ ወሽመጤ ተቆረጠ፤
የማውቀው ቁጥር ሁሉ ከራሴ አመለጠ።
ለካ “የደረሰ ጉዳት” እያልኩ ስሞላው የኖርኩት ሣጥን
ውስጡ እንዲህ ጨለማ ነው፤ እንዲህ ያንቀጠቅጣል አጥንትን።

“ሸራውን ሳቢ!” አለኝ። ሳብኩት፤ ገመዱ መዳፌን ላጠ፤
ነፋስም አይባል፣ እስትንፋስ ነው፣
ከደቡብ ብቅ አለ፣ ሸራው ላይ ተቀመጠ።
ማክሰኞ ዘንበል አለች። ጥቁር ግድግዳ በጎናችን አለፈ፤
ዝገቱ ሳይቀር ይታያል፤ ሞገዱ ሁለቴ አንስቶ አራገፈ።

ማታ፣ ስቱዋርት ደሴት፣ መልህቅ ጣልን።
አልተቃቀፍንም፣ አላለቀስንም። ምስር ቀቅለን በላን።
የሽንት ቤቱ ፓምፕ ተደፍኖ፣ እሱን ስንጠግን አመሸን።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እባንናለሁ፤ ስብሰባ ያረፈደብኝ ይመስለኛል።
“ሰኞ ነው?” ስለው፣
“ውሃው የሚጎድለው ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ተኚ” ይለኛል።
የሙላቱ ሰሌዳ ራስጌያችን ላይ፣ በየደቂቃው ተሰምሯል፤
አለቃ ቀየርን እንጂ፣ ከአለቃ ማን ያመልጣል?
ይኼኛው ግን ኢሜይል አይልክም፤
ከዘገየህ ትቶህ ይሄዳል እንጂ፣ ለግምገማ አይጠራም።

መታወቂያዬ ማንኪያዎቹ መሃል አለ፤
ዛሬ የዓሣ ቅርፊት ፋቅሁበት።
ፊቴ ጠፍቷል፤ ስሜም እኩሌታው ለቋል።
ጠርዙ ግን ይሠራል።