የላላ ሰንሰለት

ሆተን ላይ ጥር ሲገባ፣ በረዶው እስከ መስኮት አፍ፣
በቤተ ሙከራው ደጃፍ
አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤
«የሮቦት ቡድን ሰው ይፈልጋል። ልምድ ያለው ይመረጣል።»

ልምድማ አለኝ።
አራት ዓመት ሙሉ ከካቻቪቴ ጋር አድሬያለሁ፣
የብየዳ ጠባሳ መዳፌ ላይ አለ፣ አሳያለሁ።
ግራንድ ራፒድስ ላይ፣ በግማሽ ፍጻሜው፣
የክንዷ ሰንሰለት ላላና ከጥርሱ ወጣ፤
ክንዷም እንደተሰቀለ ቀረ፣
ጥያቄ እንዳለው ተማሪ።
ማንም አልጠራትም።

በማግስቱ ፈታኋት።
ብሎን ከብሎን፣ ሽቦ ከሽቦ ለየሁ፤
መፍታት ስንት ፍቺ እንዳለው ያን ቀን አየሁ፤
እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል፣
ብሎን ሲፈታ ግን ቀዳዳው ይቀራል።

ዱዌይን ይስቃል። «ልጅነት ነው» ይላል፤
«ቴርሞዳይናሚክስ ወድቀሽ ዋንጫ ምን ይሠራል?
ቀጣሪ የሚጠይቅሽ የሠራሽውን ነው፣
የተጫወትሽውን አይደለም።»
እውነቱን ነው።
ግን የሠራሁትን ሁሉ የሠራሁት ስጫወት ነው።

ትናንት ማታ፣ ከሱፐርማርኬቱ ሥራ ወጥቼ፣
ጓንቴን በጥርሴ ሳወልቅ፣ ስልኬ ጮኸ።
ኦዴት ናት፣ የአሥራ አራት ዓመቷ፣
ቡድኑ ውስጥ ገና መግባቷ፤
«ሰንሰለቱ ይወጣል። ለምን?»

ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ከሥሬ ቦዩ ረግቷል።
የድሮው ወርክሾፕ ያው ነው፣
ያው የዘይት ሽታ፣ ያው የደረቀ ፒዛ፣
ግድግዳው ላይ የኛ ፎቶ፣ ትንሽ ወይቦ።
ኦዴት ካቻቪቴውን ዘረጋችልኝ።
አልተቀበልኩም።
ይሄ ነው ከባዱ፤
እያወቁ እጅን ኪስ መክተት፣
ለሌላ ሰው ጣት መብራት ይዞ መቆም፣
ሲስት እያዩ ምላስን መንከስ።
ሦስቴ አጠበቀችው፣ ሦስቴ ወጣ።
በአራተኛው ጎንበስ ብላ፣
ሞተሩ መጋደሉን ራሷ አየች።
«ከሥሩ የሚገባ ስስ ነገር» አለች።

ኪሴን ዳበስኩ።
ያ ወረቀት፤ ለካ ስወጣ ገንጥዬው ኖሯል፣
የስልክ ቁጥሩ የተጻፈበት።
አራት አጥፌ ሰጠኋት።
ከሞተሩ ሥር ገባ፤
ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ፣
ኦዴትም ጮኸች፣ ደግማ ጮኸች፣
እኔ መብራቱን ማጥፋት ረሳሁ።

ስመለስ በረዶው አላባራም።
ቁጥሩን ለመያዝ አልሞከርኩም።
ነገ ፈተና አለብኝ፤
የፈተናው ክፍል
ከቤተ ሙከራው በር
ሁለት በር አልፎ ነው።