ልክ

ከላትቪያ ጫፍ፣ ሊየፓያ፣ ነፋስ ከባሕር ይነሣል፤
የሕፃናት ጆሮ መርጦ ይነክሳል።
ለዚህ ነው ቪዝማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ክር የምታስገባው በጃኬት ቆብ ሁሉ።

ማክሰኞ ዕለት መጣ፣ ኢንድሪቂስ የሚሉት፣
ጫማው ዝናብ ያዘለ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያለበት።
አንዱን ጃኬት አነሣ፣ ክሩን ሳበና
«ረዝሟል» አለ፤ ቅጣት ቆረጠና
ወረቀቱን ከመቀሷ ሥር ሸጎጠ።
«ስንት ነበር ልኩ?»
«ሕጉ ላይ አለልሽ።»

ሕጉን አወጣችው። አጭር ነበር ሕጉ፦
«የክሩ ርዝመት
በደረጃው መጽሐፍ እንደ ተወሰነው።»
መጽሐፉስ የት አለ?
መጽሐፉ የሚሸጥ ነው።
የጻፈው ማኅበር ነው፤ ባለቤቱም እሱ፤
ሕጉ የሁላችን፣ ቁጥሩ ግን የእነሱ።
አንዱ ቅጂ ዋጋው የሦስት ጃኬት ድካም።

«አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም፤
የሚያድነው ዕውቀት በነጻ አይታደልም።

በእኛ አፍ ዛቻ ነው፣ «ልክሽን ላሳይሽ»።
እሷ ግን በደብዳቤ ሁለቴ ለመነች፦
ልኬን አሳዩኝ።
የዋጋ ዝርዝር ላኩላት።

ሪጋ። ቤተ መጻሕፍት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ ቅጂ ተቀምጧል በመስታወት ውስጥ፤
ይነበባል እንጂ አይገለበጥ።
ስልኳን ተቀበሏት፣ እስክሪብቶዋን ደግሞ፤
የአንገቷን ሜትር ግን ማንም ልብ አላለው፣
ሐብል መስሏቸው ይሆናል።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ አገኘችው ልኩን።
ተራ ቁጥር ነበር፣
ዕድሜ ልኳን በእጇ የለካችው ዓይነት።
ከኪሷ ቀይ ክር መዘዘች።
ለካች። ቋጠረች። ገጹን ገለጠች።
ለአንገት አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ ሁለት፣
ለእጅጌው ጠርዝ ጠበቅ ያለች ትንሽ።
ጠባቂው ቀና አለ።
«ምንድን ነው እሱ?»
«ክር።»
ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ደንብ አነበበ፤
ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ደገመው።
ስለ ክር ምንም አይልም።

በማታው አውቶቡስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣
ጣቷ ኪሷ ውስጥ ቋጠሮ ሲቆጥር፣
ውሉ እንደ ተገኘ ልቃቂት ነበረች፤ ቀለል ያላት።

ዛሬ ከሱቋ በር፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።
የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሲያልፍ ይለካበታል፤
ከወደቡ ማዶ ያሉት መንትያ እኅትማማቾች
ጃኬታቸውን ይዘው በብስክሌት ይመጣሉ።

ባለፈው ሳምንት ኢንድሪቂስ መጣ፤
ያለ ደብተር፣ ያለ ቅጣት ወረቀት።
ከክሩ ሥር ጎንበስ ብሎ
ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣
ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።
እሱም ቁጥሩን የሰማው በስልክ ነበር፤
መጽሐፉን አይቶት አያውቅም።