የሰኞ ማስታወቂያ

ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣
ሰርቪሱ ይደርሳል አቧራ ታቅፎ።
እኔም እወርዳለሁ፣ ባንድ እጄ ሙጫ፣
በሌላው ወረቀት፣ የሳምንት መግለጫ።
እንጀራዬ ይህ ነው፤ ምርምር ድጋፍ ክፍል፣
ወሬ አጠናቅሮ ለግቢው ማካፈል።

ከጠፋ መታወቂያ፣ ከዕድር ጥሪ ጎን፣
ለጠፍኩት ባራት ጥግ፣ ነፋስ እንዳይነጥቀን፦

«አንደኛ፣ የመረጃ ቋታችን ተከፍቷል፤
ጥናት ያለው ሁሉ ማስገባት ይችላል።
ሁለተኛ፣ ሥራችሁ ደመና ላይ ይወጣል፤
ቅዳሜ ሌሊት ግን መረብ ይቋረጣል።
ሦስተኛ፣ ለድጋፍ የምታመለክቱ፣
ዓርብ ባሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል መስኮቱ።»

ኦቦ ሁንዴ፣ ጥበቃው፣ መነጽሩን አበሰ፤
ባመልካች ጣቱ መስመሩን አረሰ፤
ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ዞሮ ተመለሰ።

«ቋት አላችሁ?» አለኝ።
«አለን።»
«ወዴት ነው?»
«አይታይም እሱ።»
«መሙላቱን በምን አወቅሽው?
የኔስ እዚህ ነበር፣ ካዲሱ ሕንጻ ሥር፤
ጤፍ ሲሉት ጤፍ ነበር፣ ምስር ሲሉት ምስር።
ደመናውስ?» አለ፣ አንጋጦ ወደ ላይ፣
«ዝናብ አለው ወይስ እንደዚህኛው ሰማይ?»
ሚያዝያ ነበረ፣ ጠብ ያላለበት፤
ሳቄ ካፌ ወጥቶ አፈርኩኝ በድንገት።

ዝም አለ። ቆየና፦
«ያቺ ልጅስ፣» አለኝ፣ «ክረምት የለ በጋ፣
በቦቲ ጫማዋ፣ ሲመሽም ሲነጋ፣
ጠርሙስ ተሸክማ?
ዓመት ሙሉ ቀድታን፣ ምን አላት ውኃችን?
እሱን ብትለጥፊው፣ እሱ ነው ወሬአችን።»

ትርሲትን አውቃታለሁ። ጥናቷን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤
ሁለት መቶ ስድስት ገጽ፣ ርእሱን ብቻ አንብቤ፣
«ተቀብለናል» ብዬ።

ወደ ቢሮ ሮጥኩኝ። መረቡ እያነከሰ፣
ሠንጠረዥ ሰባት ላይ ካንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ።
ናሙና አሥራ አራት፦ ድልድዩ፣ ከቆዳ ፋብሪካው በታች።
ቁጥሩ ከነጥቡ በስተግራ ነው፣
በስተቀኝ መሆን ሲገባው።
ካርባ ጠርሙስ መሃል አንድ ብቻ ንጹሕ፣
ከሾላው ሥር የተቀዳው።
እኔ «ምንጭ» ስል የኖርኩት
የግርጌ ማስታወሻ ነበር።

ወረድኩ። በእስክሪፕቶ፣ ከሦስተኛው ሥር፦

«አራተኛ፣ ከድልድዩ በታች ከብት አታጠጡ።
ጎመንም አታብቅሉበት።
ከሾላው ሥር ያለው ምንጭ ደህና ነው።
ማስረጃው ትርሲት ጋ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣
በሩ አይቆለፍም።»

ማክሰኞ ኃላፊዬ፦ «ማኅተም የት አለው?
የግቢ ሰሌዳ ለግቢ ወሬ ነው።»
ተላጠ። ሙጫዬ ጥሩ ነበርና፣
አራት ጥጉ ቀረ፣ ተጣብቋል እንደገና።

ኦቦ ሁንዴ ግን ቀድሞ ገልብጦት ኖሯል፣
በገቢ ወጪ መዝገብ፣ በታርጋ ቁጥር መሃል፤
ሰዓት ጽፎበታል፣ ፈርሞበታልም፣
ደንብ ነውና።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። መስኮቱ ተዘጋ።
ስልኬ ይጮሃል፤ «ሁለት ደቂቃ ብቻ!» ይላል አንዱ ዶክተር።
ባጥሩ ቀዳዳ አያለሁ፦
የሁንዴ ባለቤት፣ ጊደሯን በገመድ።
ጊደሯ ትጎትታለች፣ ቁልቁል፣ ወደ ለመደችው፤
ሴትዮዋ ወደ ሾላው።